የሌለ ወንድሜ የሸጠልኝ ኮምፒውተር

ባቱ ከተማ፣ ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ፣ አዲስ ላፕቶፕ ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜአለሁ። የቤቱ ባለቤት በሩን ይዘዋል። እኔ እሳቸው ሌባ እንደሆኑ እርግጠኛ ነኝ። እሳቸውም እኔ ሌባ እንደሆንኩ እርግጠኛ ናቸው። የሚገርመው ግን ያን ቀን ሁለታችንም አንዲት ውሸት አልተናገርንም።

እዚያ እንዴት እንደደረስን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ያኔ ግን ምንም ነገር በቅደም ተከተል አልገባኝም ነበር።

ሊዲያ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። ሥራዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተቀጠርኩበት ቢሮ፣ ባለቤቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ሲገቡ ተዘጋ። እኔ ግን ከእናቴና ከእህቶቼ መራቅ ስላልፈለግሁ እዚያው ቀርቼ በግሌ ልሞክር አልኩ። ቢሮው ሲበተን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጥተውኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን የአዳማን ሙቀት አይችልም። ቬንትሌተር ከኋላው ደቅኜ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ እየተለማመጥኩት እየሠራሁ፣ የአንድ ሰው ሳሎንና መኝታ ቤት መሃል ላይ ስደርስ ድርግም ይላል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ አንድ ትልቅ ሥራ መጣልኝ። አቶ ዮናስ የሚባሉ ነጋዴ ላንጋኖ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠሩ አስበው፣ የቀድሞ አለቃዬ ስልኬን ሰጥተዋቸው ደወሉልኝ።

"በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ንድፍ ካሳየሽኝ ሥራው ያንቺ ነው" አሉኝ። "ካልሆነም ችግር የለም፤ አዲስ አበባ የሚሠራልኝ ሰው አለ።"

እሺ አልኩ። በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ጭራሽ ጠዋትም አልነሣም አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ከፍቶ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ "ይሄ አገልግሏል፤ ተይው ይረፍ" ብሎ መልሶ ዘጋው።

ሱቆቹን ዞርኩ። ለኔ ሥራ የሚሆን፣ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው አዲስ ላፕቶፕ ከዘጠና ሺህ ብር በታች የለም። እኔ ያለኝ ደግሞ ሃምሳ ሺህ ነው፤ እሱኑም ያጠራቀምኩት ስንት ነገር እየተውኩ ነው። አቶ ዮናስን ቀብድ ልጠይቃቸው አስቤ፣ "ኮምፒውተር እንኳን የላትም" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ስልኬን ይዤ ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ፍለጋ ገባሁ።

በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቅ ሆንኩ ማለት ይቻላል። ዋጋን ከዋጋ ማወዳደር፣ "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብሎ ጽፎ ዝም ማለት፣ ያለ ቀረጥ በሻንጣ የገባውን ለይቶ ማወቅ፣ የዕቃውን ቁጥር ጠይቆ ዕድሜውን ማጣራት፣ ሁሉንም ቻልኩበት። ከምክሩ ሁሉ ግን አንዱን እንደ ሃይማኖት ያዝኩት፤ ዕቃውን በዓይንሽ ሳታዪ፣ በእጅሽ ሳትነኪ ብር እንዳትልኪ። ይህን ምክር እስከ መጨረሻው ጠብቄዋለሁ። ጉድ የሠራኝም ይህንኑ ምክር ተከትዬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የሽያጭ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ወጣ። አዲስ ላፕቶፕ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ አስቸኳይ ሽያጭ፣ ባቱ ከተማ ይላል። ስፈልግ የነበረው ዓይነት ነው። ዋጋው አርባ ስምንት ሺህ። ደወልኩ። ሳሚ እባላለሁ ያለ፣ ድምፁ ጨዋ የሆነ ሰው አነሣው።

"ለምን እንዲህ ረከሰ?" አልኩት።

"የኔ አይደለም፣ የእናቴ ወንድም የሆነው የአጎቴ ነው። ልጁ ከዱባይ ልካለት ነው። እቤቱ ኮምፒውተር የሚነካ ሰው የለም፤ ብር ደግሞ ቸግሮታል።"

"መጥቼ ማየት እችላለሁ?"

"ሳታዪማ እንዳትከፍዪ። ቤቱ ሄደሽ፣ ከፍተሽ፣ ሞክረሽ፣ ከወደድሽው ያኔ ትልኪልኛለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ እህቴ።"

"ምን?"

"አጎቴ ፊት ዋጋ እንዳታነሺ። ልጁ የላከችለትን ስጦታ መሸጡ አሳፍሮታል። ብር ብር ከተባለ ይከፋውና አልሸጥም ይላል። አንቺ ለኔ ላኪው፣ እኔ አደርስለታለሁ።"

ነገሩ አላጠራጠረኝም፤ አሳዘነኝ እንጂ። ሽማግሌውን ሳላያቸው አዘንኩላቸው። እናቴም ስነግራት "ጌታ በር ከፈተልሽ" ብላ ቆማ ጸለየችልኝ። ታናሽ እህቴ ብቻ "በጣም ረከሰ" አለች።

"ርካሽ ስፈልግ ከርሜ ርካሽ ሳገኝ ልሽሽ?" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ተነሥቼ፣ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ ባቱ ገባሁ። ሳሚ በስልክ በነገረኝ አቅጣጫ ባጃጅ ይዤ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በኩል ገባ ብሎ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ወረድኩ። ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ። የከፈቱልኝ ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቦት ጫማቸው ላይ የእርሻ ጭቃ የደረቀባቸው ሰው ናቸው። ኦቦ ቱሉ ይባላሉ።

"አካም ጅርታ?" አሉኝ።

"ፋያ፣ ነጋ" ብዬ በአዳማ ኦሮምኛዬ መለስኩ። ደስ አላቸውና እየመሩ አስገቡኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱም ከጓዳ ወጥተው ሳሙኝ። ዘመድ የመጣ ነው የሚመስለው። እንዲያውም ዘመድ ከሚቀበሉት በላይ ተቀበሉኝ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ላስቲኩ አልተነካም። እሳቸው ፊት ከፈትኩት። አበራሁት፣ ቁጥሩን አየሁ፣ በፍላሽ ይዤው የመጣሁትን አንድ ከባድ ሥዕል ጫንኩበት። ያ አሮጌው ኮምፒውተር ሲያቃስትበት የነበረውን ሥራ ይሄ ሳይተነፍስ ሠራው። ልቤ ዘለለ።

"ደህና ነው?" አሉኝ ኦቦ ቱሉ።

"በጣም ደህና ነው፣ አባባ።"

"ወደድሽው?"

"ወድጄዋለሁ።"

"እንግዲያው ንገሪው።"

ለሳሚ ማለታቸው ነው ብዬ ደወልኩለት። የሂሳብ ቁጥር ላከልኝ። ሂሳቡ በሴት ስም ነው። "ባለቤቴ ናት" አለኝ። በስልኬ አርባ ስምንት ሺሁን ላክሁ። ወዲያው "ደርሶኛል፣ ይባርክሽ፣ ውሰጂው" የሚል መልእክት ጻፈልኝ። እፎይ ብዬ ላፕቶፑን ወደ ካርቶኑ እየመለስኩ፣

"ጨርሻለሁ አባባ፣ ልሂድ" አልኩ።

"ቆይ ልጄ፣ ይግባ እንጂ" አሉ።

ሰው የሚመጣ መስሎኝ በሩን አየሁ። እሳቸው ስልካቸውን አዩ። የሚጠበቀው እንግዳ ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር መሰለኝና ተቀመጥኩ። አዴ ጫልቱ ሻይ አመጡ። ጠጣሁ። ስለ አዳማ ሙቀት አወራን። ማንም አልገባም። ሁለተኛ ሻይ መጣ። ኦቦ ቱሉ ስልካቸውን አገላብጠው እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ብሩ እኮ አልገባም።"

ደነገጥኩ። ስለ ብር እንዳላነሣ ተለምኜአለሁ፤ አሁን ራሳቸው አነሡት።

"ልኬአለሁ እኮ፣ አባባ" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"አንቺ? አንቺ ለምን ትልኪያለሽ?"

ስልኬን አውጥቼ የላክሁበትን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

"ይህች ማን ናት?"

"የሳሚ ባለቤት።"

"ሳሚ ማን ነው?"

አዩኝ፣ አየኋቸው። ይህ ሁሉ ፈገግታ፣ ሻይና አካም ጅርታ ለዚህ ኖሯል አልኩ በልቤ። ብሬን በዘመዳቸው በኩል ተቀብለው፣ ዕቃውን ሊያስቀሩ። ብድግ ብዬ ላፕቶፑን አቀፍኩት። እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት በሩን ያዙ።

በአንድ እጄ ላፕቶፑን እንደያዝኩ፣ በሌላው ለሳሚ ደወልኩ። አነሣው።

"አጎትህ ሳሚ የሚባል አላውቅም ይላሉ። ዕቃውንም ከልክለውኛል።"

"ውይ፣ እህቴ፣ ይቅርታ። እርጅና ነው፤ ይረሳል። አንቺ ዝጊው፣ አሁን እኔ ደውዬ አረጋጋዋለሁ።"

ዘጋሁት። ወዲያውኑ የኦቦ ቱሉ ስልክ ጠራ። በኦሮምኛ ያወሩ ጀመር። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሲፈጥኑ ያመልጠኛል። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ጥርት አድርጌ ሰማኋት። "ኦቦሌቲን ኬ አስ ጅርቲ" አሉ። እህትህ እዚህ ናት ማለት ነው። የማን እህት? እቤቱ ውስጥ ያለነው ሴቶች እኔና አዴ ጫልቱ ብቻ ነን። ዞሬ አዴ ጫልቱን አየኋቸው። እሳቸው እኔን ያያሉ።

ኦቦ ቱሉ ስልኩን ዘግተው ትንሽ ተረጋጉ።

"ወንድምሽ ነው" አሉኝ። "ብሩን አሁን ልልክ ነው፣ እስከዚያ እህቴን አታስቀይሙብኝ ይላል።"

"የማን ወንድም?"

"ያንቺ ነዋ።"

"እኔ ወንድም የለኝም።"

ስልካቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣

"እንግዲያው አሁን ያናገረኝ ማን ነው?" አሉ።

"የእርስዎ የእህት ልጅ።"

"እኔ እህት ኖራኝ አታውቅም።"

አሁን ይህን ስጽፍ ያስቀኛል። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እያንዳንዳችን ሌላው እያስመሰለ መስሎናል። እሳቸው፣ ይህች ልጅ ግብረ አበሯን ደጅ አቁማ ልትሮጥ ነው ብለዋል። እኔም፣ ባልና ሚስት ተነጋግረው ሊያሳብዱኝ ነው ብያለሁ። ወደ መስኮቱ አየሁ፤ ብረት አለው። ልጩህ ወይስ አልጩህ እያልኩ ሳመነታ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱት አዴ ጫልቱ መሃላችን ገብተው ቆሙ።

"አንቺ፣ በስንት ነው የገዛሽው?" አሉኝ።

እዚያ ቤት ውስጥ ዋጋ በአፍ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው።

"በአርባ ስምንት ሺህ።"

አዴ ጫልቱ ወደ ባላቸው ዞሩ። "አንተስ ስንት ብለህ ነው የሸጥከው?"

"ሰማንያ ሺህ" አሉ ኦቦ ቱሉ።

ኦቦ ቱሉ በሩን ለቀቁ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ አንዱ አንዱን እየጠየቀ፣ ነገሩን እንደ ተዘበራረቀ ክር ፈታነው።

ኦቦ ቱሉ ላፕቶፑን በሰማንያ ሺህ ብር ለሽያጭ አውጥተው ነበር። ልጃቸው ከዱባይ የላከችው መሆኑንና ስልክ ቁጥራቸውንም ጽፈዋል። ሌባው ያን ማስታወቂያ አይቶ ፎቶዎቹን ወሰደና፣ የራሱን ስልክ ጽፎ ዋጋውን ቆርጦ በሌላ ቻናል አወጣው። እኔ ለሱ ደወልኩ። እሱ ደግሞ በሌላ ስልክና በሌላ ስም ለኦቦ ቱሉ ደወለ። "ላፕቶፑን ለእህቴ ልገዛላት ነው። ነገ መጥታ ታየዋለች። ወደድኩት ካለችኝ ሰማንያ ሺሁን ወዲያው አስገባልዎታለሁ። ብቻ አደራ፣ ዋጋውን እንዳትሰማ፤ ስጦታ ነው፤ ይህን ያህል አወጣህ ብላ አልቀበልም ትለኛለች" አላቸው። እሳቸውም በወንድምየው ደግነት ልባቸው ተነክቶ፣ ለዚያች የታደለች እህት ሻይ አፍልተው ጠበቁ። ለካ ያ ሁሉ አቀባበል ለሳሚ እህት ኖሯል።

ሁለታችንም ደጋግመን ደወልን። ሁለቱም ስልክ ተዘግቷል።

ፖሊስ ጣቢያ የሄድነው ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ነው፤ ላፕቶፑ ኦቦ ቱሉ ጭን ላይ፣ እጄ ካርቶኑ ላይ። የተቀበለችን ሳጅን ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስነገረችንና ብዕሯን አስቀመጠች።

"ከሳሹ ማን ነው?" አለች።

"እኔ" አልን እኩል።

"ተከሳሹስ?"

ኦቦ ቱሉ እኔን አዩ፤ እኔም እሳቸውን። ከዚያ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ሳጅኗ የእናቴን ስልክ ቁጥር ከኔ ተቀብላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

"ሊዲያ ወንድም አላት?" አለቻት።

"ወንድም?" አለች እናቴ። "ሦስት ሴቶች ነው የወለድኩት። ማን ልበል? ልጄ ምን ሆነች?" ከዚያ መጸለይ ጀመረች። ጣቢያው ውስጥ ያለው ሁሉ ጸሎቷ እስኪያበቃ ዝም ብሎ ሰማ።

ከወጣን በኋላ ሳጅኗ እኔን ብቻ መልሳ ጠራችኝ። "ሽማግሌውን እንዲሁ እንዳታምኚ" አለችኝ። "ከሌባው ጋር የሚሠሩ ባለ ዕቃዎች አጋጥመውን ያውቃሉ።" ልክ መረጋጋት ስጀምር ይህን ስትለኝ ጭንቅላቴ እንደገና ተዘበራረቀ። ደግሞም እውነት ሊሆን ይችላል። ዕቃው እጃቸው ነው፤ ብሬ የለም፤ ያየሁት ነገር ሁሉ እሳቸው ያሳዩኝ ነው። እሳቸውንም እንደዚሁ ለብቻ ጠርታ ስለ እኔ ተመሳሳይ ነገር እንዳለቻቸው የሰማሁት ቆይቶ ነው።

ባንክ ሄድን። ብሩ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተላልፎ ወጥቷል። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቁጥር ሰጡኝ፣ "እንደውልልሻለን" አሉኝ። ላፕቶፑ የኦቦ ቱሉ ለመሆኑ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። እጄን ከካርቶኑ ላይ አነሣሁ። እጄን ማንሣት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ያም ሆኖ ጊዜ ወሰደብኝ።

ባንኩ በር ላይ ቆምን። ስንብት እንዴት እንደሚጀመር ሁለታችንም አላወቅንም። የሰረቀኝን ሰው ነው የምሰናበተው ወይስ አብሮኝ የተታለለውን? ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉና፣

"ምሳ በልተሻል?" አሉኝ።

አልበላሁም ነበር። ተመልሰን ሄድን። አዴ ጫልቱ የሐይቁን ዓሣ በስልስ ሠርተው አቀረቡ። እየበላን ኦቦ ቱሉ ላፕቶፑን ለምን እንደሚሸጡት አወሩኝ። ሴት ልጃቸው ከዱባይ የላከችው ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ወንድሟ ነው። በዚያው ሰሞን ከሐይቁ ውኃ የሚስቡበት ሞተር ተሰበረ። ቲማቲሙ አብቦ ቆሞ እየደረቀ ነው። ልጁ ይህን ሲያይ "ሽጠው አባ፣ እኔ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እሠራለሁ" አላቸው።

እኔም የላንጋኖውን ሥራ ነገርኳቸው። ቀኑ እያለቀ መሆኑንም፣ አሁን ኮምፒውተርም ብርም እንደሌለኝም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ "አባባ፣ ካርቶኑንም ከፈትኩብዎ፤ አሁን ያልተከፈተ ተብሎ አይሸጥም" አልኩ።

ያን አላሰቡትም ነበር። ካርቶኑን ትኩር ብለው አዩት።

"ከተከፈተ ተከፈተ" አሉ በመጨረሻ። "ያን ሥዕልሽን በዚህ መሥራት ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"ገዢ እስኪመጣ እዚህ ተቀምጠሽ ሥሪ። ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።"

ያልኩትን አላስታውስም። ለእናቴ ደወልኩ፤ እሷም "አንቺ ታውቂያለሽ" አለችኝ። እኔ ግን ምንም አላውቅም ነበር። ዱባይ ባለችው ልጃቸው ክፍል ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ተኛሁ። ኦቦ ቱሉም ሲመሽ ላፕቶፑን ይዘውት ይገባሉ፤ ጠዋት ከእርሻ በፊት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኛል። ሁለታችንም ስለዚህ ነገር ምንም አላልንም።

እንደዚያ ሆኜ ሠራሁ። አዴ ጫልቱ እያለፉ ቆመው ያያሉ። "ይሄ መስኮት ነው? ሐይቁን ያያል?" ይሉኛል። በመሃል ከመቂ አንድ ገዢ መጣ። ካርቶኑ ተከፍቷል ብሎ ዋጋውን ወደ ሰባ አወረደው። ለሞተሩ እኮ በቂ ነበር። ኦቦ ቱሉ ሰውየውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ስክሪኑ ላይ ግማሽ የቆመውን ቤት አዩ።

"ሌላ ቀን ና" አሉት።

ለምን እንዲህ እንዳሉ አልገባኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ጠረጠርኳቸው። ሰው ያለ ምክንያት ሰባ ሺህ ብር ይመልሳል?

ከሰዓት በኋላ ወደ አቶ ዮናስ ደወልኩና ስፈራው የነበረውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ኮምፒውተር እንደሌለኝ፣ እንደተታለልኩ፣ ባቱ ሰው ቤት ተቀምጬ እየሠራሁ መሆኔን። ይዘጉብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ባቱ? ላንጋኖ የምሄደው በዚያ አይደል እንዴ" አሉ። በሦስተኛው ቀን መኪናቸውን ሰማያዊው በር ፊት አቆሙ። የኦቦ ቱሉ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ንድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። ሁለት ነገር አስተካክዪ አሉኝ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡ።

"ቀብዱን በየትኛው ሂሳብ ልላክልሽ?"

"ለሳቸው ይላኩልኝ" አልኩ። "ግን መጀመሪያ ዋጋውን ሁላችንም በተሰበሰብንበት እንነጋገር።"

ተነጋገርን። ኦቦ ቱሉ በሰባ ሺህ አሉ፤ እኔ ሰማንያ ነው የተባለው አልኩ። አቶ ዮናስ በሕይወቴ ዋጋ የሚጨምር ገዢ አይቼ አላውቅም ብለው ሳቁ። ሰባ አምስት ላይ ተስማማን፤ ግማሹ በዚያች ሰዓት፣ የቀረው ሥራው ሲያልቅ። የሂሳብ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ተነበበ፣ ስሙም ተነበበ። ኦቦ ቱሉ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ጠበቁ።

"ገባ" አሉ።

ሞተሩ በዚያው ሳምንት ተገዛ። ከቲማቲሙ ግማሽ ያህሉ ተረፈ፤ ሌላው ሞቷል። የቀረብኝንም ዕዳ ሥራው ሲያልቅ ከፈልኩ። የተሰረቅሁትን ስትጨምሩበት ያ ላፕቶፕ ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ በላይ ነው የወጣብኝ። ለመቆጠብ ነበር የተነሣሁት። ሌባው አልተያዘም። ባንኩም እስከ ዛሬ አልደወለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ ዕቃውን ከማየት በተጨማሪ ብሩ የሚገባበትን ሰው እዩ። ዋጋውንም ዕቃውን ከሚያስረክባችሁ ሰው ጋር ፊት ለፊት፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። አትናገሩ ከተባላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተናገሩ። እኔ ዛሬ ከማንም ጋር ስሠራ መጀመሪያ የማነሣው ዋጋ ነው። አንዳንድ ሰው ደረቅ ናት ይለኛል። ይበለኝ።

ግን አንድ ነገር እስካሁን ግራ ያጋባኛል። ያ ሌባ የሰረቀን ስግብግብ በመሆናችን ብቻ አይደለም። እኔ የተያዝኩት ሽማግሌውን ላለማሳፈር ብዬ ነው፤ እሳቸው የተያዙት የወንድምየውን ስጦታ ላለማበላሸት ብለው ነው። ይሉኝታችንን ነው እንደ ገመድ የጠለፈብን። እንግዲያው ይሉኝታ ይቅርብኝ እንዳልል፣ ያን ቀን ባዶ እጄን ባንክ በር ላይ ከቆምኩበት መልሶ ያስገባኝም ያው ይሉኝታ ነው። የትኛውን ልጣል፣ የትኛውን ልያዝ? መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

በቅርቡ ለሥራ ወደ ላንጋኖ ስወርድ እንደ ልማዴ ባቱ ጎራ አልኩ። ከኦቦ ቱሉ ጋር እርሻቸው ዳር ተቀምጠን፣ ለረጅም ጊዜ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

"አባባ፣ ያን ቀን ምን አይተው ነው ያመኑኝ?"

"ማን አመነሽ?" አሉኝ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ያ ነጋዴ ብሩን እስኪያስገባ ድረስ አላመንኩሽም። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።"

"ታዲያ ለምን ወደ ቤት መለሱኝ?"

ጥያቄው የገረማቸው መሰለኝ። ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ።

"ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር እኮ" አሉ። "ሌባም ብትሆኚ ይርብሻል።"